አዟሪው ክንድ ላይ የሚነበብ ሽፋን

በሐዋሳ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን ፈልጎ አይሄድም፤ መጽሐፉ ራሱ ወደ ሰውየው ይመጣል። ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ባሉት ካፌዎች በረንዳ ላይ ማኪያቶ አዝዞ የተቀመጠ ሰው፣ ከክንዱ እስከ አገጩ መጻሕፍት ደርድሮ የሚዞር ወጣት በአጠገቡ ሲያልፍ ቀና ይልና ዓይኑን በቁልሉ ላይ ያሳልፋል፤ ከዚያ ወይ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ያስቆመዋል፣ ወይ ወደ ስኒው ይመለሳል። ደራሲው ዓመታት የደከመበት ሥራ ዕድል የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደራሲውን ወክሎ የሚናገረው ሽፋኑ ብቻ ነው።

እኔ በዚህች ከተማ የመጻሕፍት ሽፋን እሠራለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ መጽሐፋቸውን በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው። በአገራችን ይህ መንገድ ለጀማሪውም ለታወቀውም ደራሲ የተለመደ ስለሆነ፣ ደራሲው አርታኢ ይፈልጋል፣ ከማተሚያ ቤት ጋር ይዋዋላል፣ አከፋፋይ ያስማማል፣ አንዳንዴም መጽሐፉን በሻንጣ ይዞ ራሱ ይሸጣል። ከዚህ ሁሉ ድካም መካከል ሽፋኑ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። «ጽሑፉ አልቋል፤ ሽፋኑን ቶሎ ሥራልኝ» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ፣ ብዙውን ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ወረፋ የያዘላቸው ሳምንት ደርሷል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በራሱ ገንዘብ ለማሳተም የተነሣ ሰው ገና የመጀመሪያውን ረቂቅ እያረመ ሳለ ስለ ሽፋኑ ማሰብ እንዲጀምርና፣ በሚያስብበትም ጊዜ ሽፋኑን በኮምፒውተር መስኮት ላይ ሳይሆን ገዢው በሚያየው ቦታና ርቀት ላይ አስቀምጦ እንዲመዝነው ነው።

ገዢው ሽፋንን የሚያገኝባቸው ቦታዎች በእኛ ከተማ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ያልኩት የአዟሪው ክንድ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ሙሉ ፊቱ የሚታየው ከላይ ያለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚታዩት በጎናቸው፣ ማተሚያ ቤቶች ስፓይን በሚሉት ቀጭን ገጻቸው ነው። ሁለተኛው የእግረኛ መንገድ ላይ የተነጠፈ ላስቲክ ነው፤ መጻሕፍቱ በጀርባቸው ተንጋልለው ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ገዢውም ቆሞ ቁልቁል ያያቸዋል። ሦስተኛው ስልክ ነው። ዛሬ የመጽሐፍ ወሬ የሚዛመተው በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ስለሆነ፣ ሽፋኑ አውራ ጣት በምታህል መጠን ተጨምቆ ከሌሎች ብዙ ምስሎች ጋር በፍጥነት ያልፋል። በመጽሐፍ መደብር መስታወት ውስጥ በክብር ቆሞ የሚታይበት ጊዜም አለ፤ ግን እሱን ለማሳመር ሲባል ሦስቱን የሚዘነጋ ሽፋን ገንዘቡን አይመልስም።

ሦስቱም ቦታዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሽፋኑ ላይ ያለው ነገር ጥቂት ይሁን፤ ያ ጥቂቱም ከሩቅ ይነበብ። ይህን ለደራሲ ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው፤ ምክንያቱም ደራሲው ለጽሑፉ ባለው ፍቅር የተነሣ ሽፋኑ ታሪኩን ሁሉ እንዲናገርለት ይፈልጋል። በልብ ወለዱ ውስጥ ስደት ካለ መንገድ፣ ፍቅር ካለ ጥንድ ጥላ፣ ጦርነት ካለ ጭስ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ተስፋ ካለ ደግሞ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ እንዲገቡለት ይጠይቃል። መጽሐፉን ላነበበ ሰው እያንዳንዱ ምስል ትርጉም አለው፤ ገዢው ግን ገና አላነበበም፣ ስለዚህ የሚያየው የተዘበራረቀ ሥዕል ነው። የፊት ሽፋን ሥራው መጽሐፉ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ለማን እንደተጻፈና በምን ስሜት እንደሚነበብ ማሳወቅ ነው፤ የታሪኩ ማጠቃለያ ቢያስፈልግ የጀርባው ሽፋን ይበቃዋል።

ለምሳሌ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ግለ ታሪካቸውን ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን በሲዳማ ገጠር ትምህርት ቤቶች ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሽፋኑ ላይ እንዲገቡ የፈለጓቸው ነገሮች በወረቀት ተጽፈው ነበር፤ የአባታቸው ቤት፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤታቸው፣ ሻማ፣ የተከፈተ መጽሐፍ፣ የአገሪቱ ካርታ፣ በምረቃ ልብሳቸው የተነሡት ፎቶግራፍ። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን ስለ ሥራቸው ስንጫወት፣ ከቦርሳቸው አንድ የድሮ የስም መጥሪያ መዝገብ አወጡ። ቀይ ቋሚ መስመርና ሰማያዊ አግዳሚ መስመሮች፣ በግራ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ በብዕር የተጻፈ ስም፣ በስተቀኝ ደግሞ የመገኘትና የመቅረት ምልክት የሚደረግባቸው ትናንሽ ሣጥኖች አሉት። የቀሩ ልጆች ሣጥን ውስጥ ያለው ምልክት በመኸር ወራት ይበዛል። እጃቸውን በዚያ ላይ አድርገው «እዚህ ጋ አዝመራ ይሰበስባሉ» አሉኝ። ሽፋኑ እዚያው ተገኘ።

የተማሪዎቹን ስም አደባባይ ማውጣት ስለማይገባ መዝገቡን ራሱን ፎቶ አላነሣንም፤ በእርሱ አምሳል አንድ ባዶ ገጽ አሰመርንና የመጽሐፉን ርእስ ከተራ ቁጥር አንድ ጎን፣ የተማሪ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ በትልቁ አኖርነው። ከርእሱ በታች ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው፤ የደራሲው ስም ከታች የመምህሩ ፊርማ በሚያርፍበት ቦታ ገባ። ሌላ ምንም የለም። መጀመሪያ ሲያዩት ዝም አሉና «ልጄ፣ አባቴስ የት አሉ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አባትዎ ውስጥ አሉ፤ አንባቢው ሲገባ ያገኛቸዋል» አልኳቸው። ወዲያው አልተስማሙም፤ ቤተሰብ ተማክሮበት፣ በተለይ ልጃቸው በስልኳ ላይ አሳንሳ አይታው ከደገፈችው በኋላ ነው የጸደቀው። ያን ሽፋን ዛሬም የምወደው፣ ካርታውና ሻማው በማንኛውም መምህር መጽሐፍ ላይ ሊወጡ የሚችሉ ሲሆኑ መዝገቡ ግን የእርሳቸው ብቻ ስለነበረ ነው። ደራሲ ሁሉ ይህን የመሰለ አንድ ነገር በጽሑፉ ውስጥ አለው፤ ብዙውን ጊዜም በአንዲት አንቀጽ ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ፣ ረቂቁን ሳላነብ ሽፋን መሥራት አልወድም።

ከምስሉ በፊት ግን ፊደሉ ይቀድማል። ጥሩ ርእስ በጥሩ ፊደል በንጹሕ መደብ ላይ ቢቀመጥ ያለ ምንም ሥዕል ሽፋን ይሆናል። የእንግሊዙ አሳታሚ ፔንጉዊን በ1935 እ.ኤ.አ. ርካሽ መጻሕፍቱን ሲጀምር ሽፋኖቹ በሦስት አግዳሚ ቀበቶ የተከፈሉ፣ ከመለያ ምልክቱ በቀር ሥዕል የሌላቸው ነበሩ፤ ብርቱካናማው ልብ ወለድ፣ አረንጓዴው የወንጀል ታሪክ፣ ጥቁር ሰማያዊው የሕይወት ታሪክ መሆኑን አንባቢው በቀለሙ ብቻ ያውቅ ነበር። በእኛም ዘንድ ከቁም ጸሐፊዎቻችን ጀምሮ ፊደል ራሱ ጌጥ ሆኖ የኖረ ነው። ታዲያ በእጃችን ያለውን ይህን ሀብት ትተን፣ ርእሱን በአንድ ጥግ አሳንሰን የቀረውን ቦታ ከኢንተርኔት በወረደ ፎቶግራፍ መሙላታችን ያሳዝነኛል።

የግዕዝ ፊደል በሽፋን ላይ የራሱ ጠባይ አለው፤ ለላቲን ፊደል በተዘጋጀ ሶፍትዌርና በላቲን ልማድ የሚሠራ ዲዛይነር ይህን ካላጤነ ይሳሳታል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው፣ ርእሱን ከንኡስ ርእሱና ከደራሲው ስም የሚለየው መጠኑ፣ ውፍረቱና በዙሪያው የተተወለት ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ደፋር ሊሆን ይገባዋል፤ ርእሱ ከደራሲው ስም በጥቂቱ ብቻ ከበለጠ ሁለቱም ከሩቅ አንድ ጽሑፍ ይመስላሉ። ሁለተኛው ጠባይ ደግሞ የበለጠ አሳሳቢ ነው። ካዕብንና ሣልስን የሚለየው ቅጥያ፣ ማለትም «ሱ»ን ከ«ሲ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ነገር፣ መሐል ላይ ወይም እግር ላይ ያለ አንድ ትንሽ መስመር ነው። ሽፋኑ በስልክ ላይ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው። በጣም ወፍራም የሆነ ፎንት ቅጥያውን ከፊደሉ አካል ጋር ያጣብቀዋል፤ በጣም ቀጭን የሆነው ደግሞ ያስቀረዋል። በመሆኑም ፎንት የምመርጠው የርእሱን ፊደላት አንድ በአንድ ጽፌ፣ በአውራ ጣት መጠን አሳንሼ፣ ርእሱን ለማያውቅ ሰው አስነብቤ ነው።

በነጻ ከሚገኙት ፎንቶች መካከል ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ ስላላቸው ለሽፋን ይመቻሉ፤ አቢሲኒካም የብራና ጽሕፈት ወዝ ስላለው ለታሪክና ለመንፈሳዊ መጻሕፍት መልካም ነው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ ግን በየደብዳቤውና በየማስታወቂያው ስላየነው ሽፋን ላይ ሲወጣ የቢሮ ጽሑፍ ያስመስላል፤ ይህ የግል ፍርዴ ነው። ማንኛውም ፎንት ቢመረጥ፣ ርእሱ ሁለት መስመር ከሆነ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በእጅ ማጥበብ ያስፈልጋል፤ ብዙ የግዕዝ ፎንቶች ሰፊ የመስመር ክፍተት ይዘው ስለሚመጡ ሳይነኩ የተተዉ እንደሆነ የርእሱ ሁለት ግማሾች የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ፊደልን ወደ ጎን መለጠጥ፣ ጥላ ማልበስ፣ በወርቅማ ጠርዝ ማስጌጥ ደግሞ መነበብን ይጎዳል እንጂ አይጨምርም። ርእሱ ረዝሞ ካልገባ ፊደሉ አይጨመቅም፤ ርእሱ ራሱ እንዲያጥር ከደራሲው ጋር መነጋገር ይሻላል።

በዚህ ላይ የድሮዎቹን የቪዥዋል ግዕዝንና የፓወር ግዕዝን ዓይነት ፎንቶች የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። እነዚህ ፎንቶች ከዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ከተሰጠው የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) በፊት የተሠሩ ወይም በዚያ አሠራር የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የአማርኛው ጽሑፍ ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይለወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ፎንቱ ከሌለ በሌላ ፎንት ተተክቶ ቅርጹ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፋይል ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ቅርጽ፣ ባለሙያዎቹ አውትላይን ወይም ከርቭ ወደሚሉት መለወጥ አለበት። ሊታረም የሚችለው ዋናው ፋይል ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል።

ስለ ፎቶግራፍና ሥዕል ባጭሩ። ከኢንተርኔት የተወሰደ ምስል ባለቤት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ሥዕልንም ይጠብቃል፣ ባለቤቱም ሩቅ አገር ስላለ መብቱ አይቀርም። የሐዋሳን ሐይቅ ወይም የታቦርን ተራራ ለሚፈልግ ደራሲ እዚሁ ከተማ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች አሉ፤ በጽሑፍ ስምምነት መግዛት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ምስሎችም በዝተዋል። እነዚህ ምስሎች የግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ሲሞክሩ ብዙውን ጊዜ ፊደል የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር ያወጣሉ፤ የነጠላችንን አጣጣፍና የጥለቱን ቦታ ያዛባሉ፤ የጀበናውን አንገትና ጆሮ ከማይታወቅ አገር ያመጣሉ። የአገሩን ሕይወት ለአገሩ ሰው የሚተርክ መጽሐፍ በፊቱ ላይ ይህን ይዞ ሲወጣ፣ አንባቢው ውስጡንም ይጠራጠራል።

የምስሉ ጥራት በቁጥር የሚለካ ነገር ስለሆነ በግምት አይተው። ለኅትመት የሚፈለገው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። አንድ 1080 ነጥብ ስፋት ያለው የስልክ ምስል በዚህ ልኬት ሲታተም ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሸፍናል። የተለመደው የኤ5 መጽሐፍ ስፋቱ 148፣ ቁመቱ 210 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በየጠርዙ ለመቆረጫ የሚተወው 3 ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት የፊቱን ሽፋን ለመሙላት ምስሉ ቢያንስ 1820 በ2550 ነጥብ ያህል ሊኖረው ይገባል። ፎቶው በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ በፋይል መልክ እንጂ በፎቶ መልክ አይላክ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቅና ጥራቱን ያጣል።

ቀለም ሲመረጥ ኮምፒውተሩ እንደሚያታልል ማወቅ ይገባል። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ ማሽን ግን በአራት ቀለማት፣ በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ነው የሚሠራው፤ በስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ ደብዝዞ ይወጣል። ፋይሉ ከመጀመሪያው በእነዚህ በአራቱ ቀለማት፣ ሲ.ኤም.ዋይ.ኬ በሚባለው አሠራር፣ ከተዘጋጀ ድንጋጤው ይቀንሳል። በአራቱም ቀለማት በተሞላ ጥቁር መደብ ላይ ቀጭን ነጭ ፊደል መጻፍም አደገኛ ነው፤ አራቱን ቀለማት የሚያትሙት አራት ፕሌቶች በፀጉር ውፍረት እንኳ ከተዛነፉ ቀለሙ ወደ ፊደሉ ውስጥ ይገባና እነዚያን ትናንሽ ቅጥያዎች ይውጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ አለች። ማጀንታና ቢጫ ከሳያንና ከጥቁር ቀድመው ስለሚለቁ፣ መንገድ ዳር ወራት የቆየ ሽፋን ቀይና ብርቱካናማው ይጠፋና ሁሉም ነገር ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ርእሱን በቀይ የጻፈ መጽሐፍ ያን ጊዜ ርእሱን ያጣል። እኔ ርእስን ከጥቁር ወይም ከጥልቅ ሰማያዊ አላርቅም፤ ቀዩን ከፈለግሁ ለጌጡ አደርገዋለሁ።

የላሚኔሽኑም፣ ማለትም በሽፋኑ ላይ የሚለጠፈው የስስ ፕላስቲክ፣ ምርጫ ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። ግሎሲ የሚባለው አንጸባራቂው ላሚኔሽን በቤት ውስጥ ቀለሙን ያደምቃል፤ በረንዳ ላይ ወይም አስፋልት ዳር ግን ፀሐይዋን መልሶ ወደ ገዢው ዓይን ስለሚልክ ርእሱ አይነበብም። ማት የሚባለው የማያንጸባርቀው ያን ችግር የለውም፤ ነገር ግን በጥቁር መደብ ላይ የጣት አሻራንና ጭረትን አጉልቶ ያሳያል፣ አዟሪው ደግሞ መጽሐፉን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነሣና እንደሚያወርድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማት ላሚኔሽን፣ ፈካ ያለ መደብና ጠቆር ያለ ርእስ ለእኛ ገበያ የሚስማማ ጥምረት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሽፋኑ ካርድም በካሬ ሜትር 250 ወይም 300 ግራም የሚመዝን ቢሆን ይመረጣል፤ ሳስቶ የተሠራ ሽፋን በክረምቱ እርጥበት ያልተላሰነው ወገኑ ውኃ እየሳበ ወደ ውጭ ይጠቀለላል።

አሁን ብዙዎች ወደሚዘነጉት ወደ ስፓይኑ ልመለስ፤ አዟሪው ክንድ ላይ የመጽሐፉ ስም የሚነበበው በእርሱ ነውና። ውፍረቱ በግምት ሳይሆን በስሌት ይገኛል። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት አንዱ ቅጠል ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ገደማ ይወፍራል፤ 240 ገጽ ያለው መጽሐፍ 120 ቅጠል ስለሆነ ስፓይኑ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ ሙሉው ሽፋን ሲዘረጋ ሁለት ጊዜ 148፣ ሲደመር 12፣ ሲደመር የሁለቱ ጠርዝ 6፣ በአጠቃላይ 314 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ትክክለኛውን የወረቀት ውፍረት ማተሚያ ቤቱ ስለሚያውቅ ስሌቱን ከእነርሱ ጋር ማረጋገጥ የግድ ነው። የገጹም ብዛት አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ሽፋኑ ካለቀ በኋላ ደራሲው መቅድምና ምስጋና ሲጨምር ስፓይኑ ይወፍራል፣ የርእሱም ፊደላት ወደ ፊት ገጽ ይንሸራተታሉ። መቶ ገጽ የማይሞላ የግጥም መድብል ስፓይኑ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ እዚያ ላይ ጽሑፍ ማስገደድ ለጠራዡም ለአንባቢውም ጭንቅ ነው፤ በእንዲህ ያለው መጽሐፍ ላይ ከፊቱ ገጽ የተለየ አንድ ደማቅ ቀለም ብቻ መስጠት ይበቃል።

የጽሑፉ አቅጣጫም ጉዳይ አለው። ከላይ ወደ ታች የሚጻፈው መጽሐፉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ በቀጥታ ይነበባል፤ ከታች ወደ ላይ የሚጻፈው ግን በዚያ አቀማመጥ ይገለበጣል። የእኛ መጻሕፍት የሚደረደሩት በአብዛኛው ተኝተው ስለሆነ ከላይ ወደ ታች መጻፉ የተሻለ ነው። በስፓይኑ ላይ ርእሱ ይቅደም፣ የደራሲው ስም ይከተል፤ ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

የጀርባው ሽፋን ላይ የምለው ጥቂት ነው። የታወቁ ሰዎች አስተያየት መልካም ነው፤ ነገር ግን አራትና አምስት ሰው ተሰልፎ ሲያመሰግን ገዢው አንዱንም አያነብም፣ ከራሱ ከመጽሐፉ የተወሰደ አንድ ጠንካራ አንቀጽ ይበልጣል። በፊት ሽፋን ላይ ልብ ወለድ፣ ግለ ታሪክ ወይም የግጥም መድብል መሆኑ ካልተገለጸ እዚህ በግልጽ ይጻፍ። የዋጋው ነገር ደግሞ፣ የወረቀት ዋጋ በሚዋዥቅበት በዚህ ጊዜ በኅትመት የተቀመጠ ዋጋ ብዙም ሳይቆይ በስቲከር መሸፈኑ ስለማይቀር፣ ከታች ለስቲከሩ የሚሆን ንጹሕ ቦታ መተው ያስፈልጋል። የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን፣ የሚሰጠው ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ቁጥሩ አሥራ ሦስት አኃዝ ያለው ሲሆን የኢትዮጵያ መለያ 978-99944 ብሎ ይጀምራል። ባርኮዱ በነጭ መደብ ላይ እንዲያርፍ፣ በቀለምም በመጠንም እንዳይነካ አደራ እላለሁ።

የርእሱ አጻጻፍ ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው። በሽፋኑ ላይ በጸሎቱ «ጸ»፣ በውስጥ ገጽ ላይ በፀሐዩ «ፀ»፣ በስፓይኑ ላይ ደግሞ በሌላ መልክ የተጻፈ ርእስ አጋጥሞኛል። በቴሌግራም ላይ መጽሐፉን የሚፈልግ ሰው በአንደኛው ፊደል ሲጽፍ በሌላው የተጻፈው ላይመጣለት ስለሚችል፣ ጉዳቱ በመልክ ብቻ አያበቃም።

ንድፉ ካለቀ በኋላ ፋይሉ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት አይላክ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ባለ ዲጂታል ማተሚያ ላይ በትክክለኛው መጠን አንድ ናሙና ይታተም፤ ጠርዙ ተቆርጦ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሌላ መጽሐፍ ይልበሰው። ይህን የለበሰ መጽሐፍ ይዤ ወደማውቀው አዟሪ እሄድና «ወንድሜ፣ እስቲ ከመሐል አስገባው» እለዋለሁ። ከቁልሉ መሐል ያስገባዋል፣ ጥቂት ራመድ ብሎ ይቆማል፣ ደራሲውና እኔ ከካፌው ወንበር ላይ ሆነን እናያለን። ርእሱ ከዚያ ርቀት ተነበበ? ከጎኑ ካሉት መጻሕፍት ተለየ ወይስ ተመሳስሎ ጠፋ? ከዚያ ከላይ እንዲያደርገው እንጠይቀዋለን፣ ፊቱንም እንዲሁ እንመዝናለን። አዟሪው በየቀኑ የገዢን ዓይን ሲከተል የሚውል ሰው ስለሆነ አስተያየቱን ከማንም ባለሙያ አላሳንስም፤ «ይኼ የሃይማኖት መጽሐፍ ነው ብለው ነው የሚያልፉት» ብሎ አንድ የልብ ወለድ ሽፋን ቀለም ያስለወጠን አንድ አዟሪ ነው፣ ከለወጥነውም በኋላ ልክ እንደነበረ በዓይናችን አይተናል።

በብዛት የሚታተመው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ስለሚሄድና ከሐዋሳ እስከዚያ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ደራሲው በኅትመቱ ቀን ማሽኑ አጠገብ መቆም ላይችል ይችላል። ቢያንስ በትክክለኛው ካርድ ላይ የታተመ ናሙና በአውቶቡስ እንዲላክለት፣ እርሱም አይቶና ፈርሞ እንዲመልሰው በውሉ ውስጥ ይጻፍ። በዲጂታል የታተመው ናሙናና በኦፍሴት፣ ማለትም በብዛት በሚያትመው የፕሌት ማሽን፣ የሚወጣው ቀለም ሙሉ በሙሉ እንደማይገጥሙም አስቀድሞ ይወቅ፤ ስለዚህ የሚፈርምበት ናሙና በየትኛው እንደታተመ ይጠይቅ።

ከዲዛይነሩ ጋር ሲዋዋልም፣ ሥራው ሲያልቅ የሚረከበው ፒ.ዲ.ኤፉን ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቅ። ሊታረም የሚችለው ዋናው ፋይል፣ የተጠቀመባቸው ፎንቶች፣ ምስሎቹ በሙሉ ጥራታቸው፣ የፎቶው የፈቃድ ወረቀት፣ በተጨማሪም ለስልክ የተዘጋጀው ትንሹ ምስል፣ ሁሉም በፍላሽ ተቀድተው በእጁ ይግቡ። ሁለተኛው ኅትመት በሌላ ማተሚያ ቤት፣ በሌላ ወረቀት ላይ ሊሆን ይችላል፤ የወረቀቱ ውፍረት ሲለወጥ ስፓይኑ እንደገና ይለካል፣ ዋናው ፋይል ከሌለ ደግሞ ሽፋኑን ከመነሻው መሥራት ግድ ይሆናል።